ሦስተኛው ሌሊት፣ አራተኛው ሳምንት

በሰሜን ሸዋ ደጋ አረቄ ሲነሣ ብርድ አብሮ ይነሣል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ግድም ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ወደ መንዝ ተወጥቶ ጓሳ ሲደረስ ከፍታው ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይጥላል። ስለዚህ "ለብርዱ ነው" ያለን ሰው የሚሞግት የለም። አልኮል ግን ቆዳ ሥር ያሉትን ደም ሥሮች ያሰፋል። በሆድና በደረት ውስጥ የነበረው ሙቀት ወደ ቆዳ ይወጣል፤ ፊት ይቀላል፣ መዳፍ ይሞቃል፣ ጠጪውም "ሞቀኝ" ይላል። በዚያው ጊዜ ሰውነቱ ሙቀቱን ወደ ውጭ እየበተነ ነው። ሰክሮ መንገድ ዳር የተኛን ሰው ውርጭ ፈጥኖ የሚገድለው ለዚህ ነው። አረቄ በጭንቀትና በሐዘን ላይ የሚሠራውም ከዚህ አይለይም፤ ለአንድ ሁለት ሰዓት ቀለል ያደርጋል፣ ከዚያ የነበረውን አባብሶ ይመልሰዋል።

"ሆዴን ባር ባር ይለኛል"፣ "እንቅልፍ እምቢ አለኝ" የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያገኘው ማስታገሻ መለኪያ ነው። ዓመት ሁለት ዓመት ሲያልፍ ሕመሙ የቱ፣ መጠጡ ያመጣው የቱ እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። ቤተሰብ ለሁለት ይከፈላል፤ ገሚሱ "ጠጥቶ ነው የታመመው" ይላል፣ ገሚሱ "ነገር ከብዶት ነው የሚጠጣው" ይላል። ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። የትኛው ቀደመ የሚለውን ክርክር ለጊዜው አቆይቶ ሁለቱንም አንድ ላይ መያዝ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። "መጀመሪያ መጠጡን ይተው፣ ከዚያ እናሳክመዋለን" የተባለ ሰው ጭንቀቱ መልሶ ወደ አረቄ ቤት ይወስደዋል፤ "መድኃኒት ይጀምር፣ መጠጡ ቀስ ብሎ ይቀራል" የተባለውም መድኃኒቱ ሳይሠራለት ይቀራል። ከሁሉ በፊት ግን ሁለት ጊዜያትን ማወቅ ያስፈልጋል፤ መጠጥ ከተቋረጠ በኋላ የሚመጣውን ሦስተኛ ሌሊትና አራተኛ ሳምንት። በመጀመሪያው ሰው ሊሞት ይችላል። በሁለተኛው ደግሞ ከመጠጡ ተለይቶ የቆመ የአእምሮ ሕመም ካለ ይታወቃል።

ስለ መጠን ልጀምር፤ "ትንሽ ነው የምጠጣው" የሚለው ቃል ምንም አይነግረንም። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የመጠጡን ሚሊ ሊትር በአልኮል መቶኛው አባዝቶ እንደገና በ0.8 ማባዛት ንጹሕ አልኮሉን በግራም ይሰጣል። 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ 5 በመቶ ቢራ 13 ግራም ያህል አለው። 40 በመቶ የሆነ አረቄ በ40 ሚሊ ሊትር መለኪያ ሲቀዳም 13 ግራም ያህል ነው። እንግዲህ አንድ መለኪያ አንድ ጠርሙስ ቢራ ማለት ነው። በግማሽ ሊትር ሃይላንድ አስቀድቶ ወደ ቤቱ የሚገባ ሰው 160 ግራም፣ ማለትም የ12 ጠርሙስ ቢራ አልኮል ይዞ ገብቷል። የቤት አረቄ ደግሞ ኃይሉ ከቤት ቤት ይለያል፤ ዳግም የወጣው ከተራው ይበረታል፤ ጠላም ቢሆን ፊልተሩና ጉሹ አንድ አይደሉም። ስለዚህ ጠያቂ "ስንት ብርጭቆ?" ብሎ ማቆም የለበትም፤ በምን እንደተቀዳ፣ የማን ቤት አረቄ እንደሆነ፣ ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደሚጠጣ ይጠይቅ።

የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ኦዲት የተባለ ባለ 10 ጥያቄ መመዘኛ አለ። ነጥቡ ከ0 እስከ 40 ይደርሳል፤ 8 እና ከዚያ በላይ አጠጣጡ ለጉዳት የሚያጋልጥ መሆኑን፣ 20 እና ከዚያ በላይ ሱስ ሳይሆን እንደማይቀር ያመለክታል። ለቤተሰብ ግን ሦስት ጥያቄ ይበቃል ባይ ነኝ። ጠዋት ከቁርስ በፊት ይጠጣል ወይ? ካልጠጣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል ወይ? ከዚህ በፊት ጠጥቶ ሲያቆም ወድቆ ተንፈራግጦ ወይም ሌላው የማያየውን ነገር አይቶ ያውቃል ወይ? የሦስተኛው መልስ "አዎ" ከሆነ ያ ሰው ቤት ውስጥ በራሱ ማቆም የለበትም። ጠዋት "ለማስተካከል" የምትወሰደው መለኪያ ራሷ ምልክት ናት፤ ሌሊቱን አልኮል የጎደለበት አካል የሚያሰማውን ጩኸት ጸጥ የምታሰኝ መጠን ናት።

ለምን እንዲህ ይሆናል? አልኮል የአእምሮን ማረጋጊያ ሥርዓት ያበረታል፣ ማነቃቂያውን ያዳክማል። በየቀኑ ሲጠጣ አእምሮ ሚዛኑን ለመጠበቅ የራሱን ማረጋጊያ እየቀነሰ ማነቃቂያውን ይጨምራል። አረቄው ድንገት ሲቆም ማረጋጊያ የሌለው፣ ማነቃቂያው የገነነ አእምሮ ይቀራል። ትንሹ መልኩ የጠዋት ጭንቀት፣ የልብ መምታትና "ነገር ሊመጣብኝ ነው" የሚል ስጋት ነው። ብዙ ሰው ይህን ጭንቀት የመጠጡ ምክንያት አድርጎ ይቆጥረዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን የትናንቱ መጠጥ ውጤት ነው። እንቅልፍም እንዲሁ ነው። አረቄ ቶሎ ያስተኛል፣ የሕልሙን እንቅልፍ በሌሊቱ መጀመሪያ ላይ ይቆርጣል፤ እኩለ ሌሊት ሲያልፍ አልኮሉ ከደም ሲወጣ ሕልሙ ተጠራቅሞ ይመጣል፣ ሰውየው በላብ ተነክሮ ይነቃል።

ይህን በተለይ የምለው ስለ ጦርነቱ ነው። በ2013 አጣዬ ተቃጠለች፤ በኅዳር 2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ደረሰ፤ ብዙ ተፈናቃይ በደብረ ብርሃን ተጠለለ፤ ከዚያም ወዲህ አካባቢው ሰላም አግኝቶ አልተቀመጠም። ያየው ነገር በሌሊት የሚመለስበት፣ ኮሽ ባለ ቁጥር የሚበረግግ ሰው ሕልሙን ለማጥፋት መጠጣቱ አያስደንቅም። መጠጡ ግን ክፉውን ትዝታ አእምሮ ቀስ በቀስ የሚያበርድበትን እንቅልፍ ይወስዳል፤ ሕልሙ በየዓመቱ ያው ትኩስ ሆኖ ይቆያል። እንዲህ ያለውን ሰው "ተወው፣ ሰካራም ነው" ብሎ ማለፍ ሁለት ጊዜ መበደል ነው። የትኛው መቼ እንደጀመረ ለማወቅ ቀን መጠየቅ አያዋጣም፤ "አጣዬ ሳትቃጠል ትጠጣ ነበር? ልጅህ ክርስትና ሲነሣስ? የዚያን ዓመት ፋሲካስ?" ብሎ ሰው በሚያስታውሰው ነገር ላይ እየተንተራሱ በወረቀት ላይ አንድ መስመር ማስመር ይቻላል። ከመስመሩ በላይ እንቅልፍንና ሐዘንን፣ ከታች የመጠጡን መጠን መጻፍ ነው። ለሐኪም ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ የሚያመጣለት ቤተሰብ ጥቂት ነው።

ወደ ሦስተኛው ሌሊት ልምጣ። በእኛ አገር ሰው መጠጥ የሚያቆመው ብዙ ጊዜ በአንድ ቀን ነው። በንስሐ አባቱ ፊት ይገዘታል፣ ወይም ጸበል ይገባል። ሸንኮራ ዮሐንስና ጻድቃኔ ማርያም የሚሄደው ሕመምተኛ ከሰሜን ሸዋ ብቻ የሚመጣ አይደለም። ውሳኔው ቅን ነው፤ የእምነቱም ጉልበት ትልቅ ነው፤ ለብዙዎች መጠጥ የሌለበት ቦታ፣ የሚጸልይ ሰውና አዲስ የቀን ሥርዓት የሚገኘው እዚያ ነው። አደጋው ያለው በመንገዱ ላይ ነው። ለዓመታት በየቀኑ ግማሽ ሊትር ሲጠጣ የኖረ ሰው በአንድ ሌሊት አቁሞ፣ ጾሞ፣ በውርጭ ማለዳ ቀዝቃዛ ውሃ ሲወርድበት የሚከተለው የሚታወቅ ነው።

ከመጨረሻው መለኪያ በኋላ ከ6 እስከ 12 ባሉት ሰዓታት እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ያልባል፣ ማቅለሽለሽና ጭንቀት ይመጣል። የሚጥል ሕመም የሚመስለው መንፈራገጥ የሚነሣው በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ውስጥ ነው። ከ48 እስከ 96 ባሉት ሰዓታት፣ ማለትም በሦስተኛው ሌሊት ግድም፣ ከሁሉ የከፋው ሊመጣ ይችላል፤ ሰውየው ይቀባዥራል፣ ጉንዳንና አይጥ በብርድ ልብሱ ላይ ሲሄድ ያያል፣ ልብሱን ይለቅማል፣ ይጮኻል፣ ሚስቱን አያውቃትም፣ ሰውነቱ ይግላል፣ ልቡ ይሮጣል። አጠገቡ ላለው ሰው ይህ መንፈስ መጮኹ ይመስለዋል፤ "ሊለቀው ነው" ተብሎ ይታሰርና ይጠመቃል። ሕክምና ካላገኘ ይህ ሁኔታ ይገድላል። በሕክምና ግን አብዛኛው ሰው ይድናል።

ለይቶ ማወቂያው ይህ ነው። በመጠጥ መቋረጥ የሚቀባዥር ሰው የት እንዳለ፣ ቀኑ ምን እንደሆነ አያውቅም፤ ሁኔታው በሰዓታት ይለዋወጣል፣ ሲመሽ ይብሳል፤ ትኩሳት፣ ላብና መንቀጥቀጥ አለው፤ ከሦስት ቀን በፊት ደህና ነበር። ድምፅ የሚሰማው፣ ሰው ይከታተለኛል የሚል የረጅም ጊዜ ሕመምተኛ ግን ብዙውን ጊዜ ቦታውንና ቀኑን ያውቃል፣ ሰውነቱ አይግልም፣ ሕመሙም ለሳምንታትና ለወራት የቆየ ነው። ትኩሳት ካለ የወባና የማጅራት ገትር ምርመራም አይቅር፤ በተለይ ከቆላው ከመጣ።

በዚያ ሌሊት አጠገቡ ያለ ሰው መብራት ያብራ፤ ጨለማ ቅዠቱን ያባብሰዋል። የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ አጠገቡ ይቀመጥ፣ ዝግ ባለ ድምፅ ስሙን እየጠራ የት እንዳለ ይንገረው። አይታሰር፤ ታስሮ የሚታገል ሰው ሙቀቱ ይጨምራል፣ ጡንቻው ይጎዳል። ከዋጠ ውሃ በትንሽ በትንሹ ይጠጣ። ወድቆ ከተንፈራገጠ በጎኑ ያስተኙት፤ አፉ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አይገባም፣ ክብሪት ጭሮ ማሽተትም አይረዳውም። መንፈራገጡ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው የሌሊት ሰዓት ሳይባል ወደ ጤና ተቋም ነው። መቀባዠር ከጀመረም እንዲሁ፤ እስኪነጋ አይጠበቅም።

ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል የሚሠራው ሥራ የተወሳሰበ አይደለም። ዋናው መድኃኒት ዲያዜፓም ነው፤ ለምሳሌ በመጀመሪያው ቀን 10 ሚሊ ግራም ሦስት ወይም አራት ጊዜ ተሰጥቶ፣ በየቀኑ እየተቀነሰ ከ5 እስከ 7 ቀን ውስጥ ያልቃል። አሰጣጡ እንደ ሰውየው ጉበት፣ ዕድሜና ምልክት ይለያያል፤ የሚወስነው ባለሙያ ነው። ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ በቤት መስጠት ሌላ አደጋ ያመጣል። ዲያዜፓም ላይ አረቄ ከተጨመረ እንቅልፉ ትንፋሽ እስከ ማቆም ይደርሳል፤ ከሳምንት በላይ ከቀጠለም አንዱን ሱስ በሌላ መተካት ይሆናል። እንደ ክሎርፕሮማዚን ያለ የሥነ አእምሮ መድኃኒት ብቻውን ከተሰጠ ደግሞ ሰውየውን ያስተኛዋል እንጂ መንፈራገጡን አይከላከልም፤ እንዲያውም ያቀርበዋል። ይህ ስሕተት የሚሠራው "አብዷል" ተብሎ ሲመጣ፣ መጠጥ ማቆሙን ማንም ሳይናገር ሲቀር ነው። ስለዚህ አስታማሚ በር ላይ መጀመሪያ ማለት ያለበት "በየቀኑ ይጠጣ ነበር፤ ካቆመ ይህን ያህል ቀኑ ነው" የሚለውን ነው።

ሁለተኛው ነገር ታያሚን፣ ማለትም ቫይታሚን ቢ 1 ነው። በምግብ ፈንታ አረቄ የሚወስድ ሰው ይህ ይጎድለዋል፤ አካል የሚያከማቸው ለሁለት ሦስት ሳምንት ብቻ የሚበቃ ነው። ሲጎድል ዓይን ይንቀዋለላል፣ እግር ይንገዳገዳል፣ አእምሮ ይደናገራል፤ ካልታከመ የቅርብ ነገር የማስታወስ ችሎታ ለዘለቄታው ሊጠፋ ይችላል። ብዙ ቤተሰብ "ግሉኮስ ይደረግለት" ይላል። ግሉኮስ ታያሚን በሌለበት ሰውነት ውስጥ ሲገባ የቀረችውን ጥቂት ታያሚን ይጨርሳታል፤ ስለዚህ ታያሚኑ ይቅደም ወይም አብሮ ይግባ። ስኳሩ ወርዶ ራሱን ለሳተ ሰው ግን ግሉኮሱ አይዘግይ። በአፍ ለሚወስድ ሰው 100 ሚሊ ግራም በቀን የተለመደ ነው፤ የመደናገርና የመንገዳገድ ምልክት ካለ በመርፌ፣ ከዚያ በበለጠ መጠን ይሰጣል። የተለመደችው ቢ ኮምፕሌክስ ክኒን ብቻዋን ለዚህ አትበቃም። ምግቡ ቅርብ ነው፤ ገብስ፣ ባቄላ፣ ምስር፣ ሽሮ።

ለካህናቱም የምለው አለኝ፤ በአክብሮት። ግዝቱ አይቅር፤ ቀኑ ግን ከጤና ጣቢያው ጉብኝት በኋላ ይሁን። የንስሐ አባት "ልጄ፣ መጀመሪያ ታይተህ ና፣ መድኃኒትህን ይዘህ ትጠመቃለህ" ቢለው ያ ቃል ከእኛ ከአሥር ምክር ይበልጣል። ክኒንና ጸበል አይጣሉም፤ ብዙ ሕመምተኛ መድኃኒቱን የሚያቆመው "ከጸበል ጋር አይሄድም" የሚል ጎረቤት ሰምቶ ነው። ከጤና ተቋም በጣም ርቆ የሚኖር፣ በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው ደግሞ እስኪደርስ ድረስ ድንገት ከማቆም ቀስ ብሎ ቢቀንስ ይሻላል፤ በየጥቂት ቀኑ ከጠቅላላው አሥረኛውን ያህል፣ በሌላ ሰው እጅ እየተለካ።

ሳምንቱ አለፈ እንበል። መንቀጥቀጡ ቆመ፣ ምግብ በላ፣ ፊቱ ተመለሰ። ቤተሰቡ "ተመስገን፣ ዳነ" ይላል፤ ብዙው ነገር የሚበላሸው ግን ከዚህ በኋላ ነው። የቀረው ሰው ያዘነ፣ የሚነጫነጭ፣ ሌሊት ጣራ የሚያይ፣ ምንም የማያስደስተው ሰው ነው። አብዛኛው የዚህ ሐዘን መጠጡ የተወው ነው፤ በሁለትና በአራት ሳምንት መካከል በራሱ እየቀለለ ይሄዳል። ይህን ያልተነገረው ሰው "ሳልጠጣ እንዲህ ከሆንኩ ምን አተረፍኩ?" ብሎ በ12ኛው ቀን ይመለሳል። አስቀድሞ የተነገረው ግን ሊታገሠው ይችላል። የእንቅልፉ መታወክ ከሐዘኑም ይረዝማል፤ ወራት ሊወስድ ይችላል። ቀን አለመተኛት፣ ከቀትር በኋላ ቡና አለመጠጣት፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት መነሣት፤ ሌላ አቋራጭ የለውም።

አራተኛው ሳምንት ላይ ተቀምጦ መጠየቅ ይገባል። ሐዘኑ እንዳለ ነው? ነገር ያስደስተዋል? ራሱን ይወቅሳል? ቅዠቱና መበርገጉ ቀጥሏል? ከቀጠለ መጠጡ ተነሥቶለት የቀረ የራሱ ሕመም አለ ማለት ነው፤ ድብርት፣ የጭንቀት ሕመም ወይም ከአሰቃቂ ነገር በኋላ የሚመጣው። እሱም የራሱን ሕክምና ይፈልጋል። ፍሉኦክሴቲን የተባለው የድብርት መድኃኒት በጠዋት 20 ሚሊ ግራም የተለመደ መነሻ ነው፤ ለውጡ በደንብ የሚታየው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ውስጥ በመሆኑ በሁለተኛው ሳምንት "አልሠራልኝም" ብሎ መጣል ከንቱ ድካም ነው። ሌላው የድብርት መድኃኒት አሚትሪፕቲሊን ዋጋው ረከስ ቢልም ከአልኮል ጋር ክፉ ነው፤ ከመጠን በላይ ከተወሰደም ልብን ያቆማል፤ መልሶ ሊጠጣ በሚችል ሰው እጅ የወር ክኒን ማስያዝ ጥሩ አይደለም።

አራት ሳምንት የማይጠበቅበት ሁኔታም አለ። ከመጠጡ በፊት ድብርት የነበረበት ሰው፣ ወይም "መኖር ሰለቸኝ" የሚል ሰው በመጀመሪያው ቀን ይታከማል። "ሰክሮ ነው የሚለው" ተብሎ አይታለፍ፤ ስካር ራስን ከማጥፋት የሚከለክለውን ፍርሃት ያነሣል፣ በሐሳቡና በድርጊቱ መካከል ያለውን ጊዜ ያሳጥራል። በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን አይጭርም፤ "ራስህን ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ?" ማለት ይቻላል። በገበሬ ቤት ያለው የአረም፣ የተባይና የነቀዝ መድኃኒት በዚያው ቀን ወደ ዘመድ ቤት ይሂድ ወይም ይቆለፍበት። ይህች አንዲት እርምጃ ሕይወት ታተርፋለች።

ወደ ቆላው ሲወርዱ፣ ጣርማበርን አልፈው ደብረ ሲና፣ ከዚያ ሸዋ ሮቢትና ይፋት ሲገቡ፣ ታሪኩ በጫት ይቀየራል። በትኩስ ቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን በአምፌታሚን መንገድ የሚሠራ ነው፤ ቅጠሉ በተቆረጠ በሁለት ቀን ውስጥ ኃይሉ ስለሚወርድ ነው በኮባ ተጠቅልሎ በጥድፊያ የሚጓዘው። ምርቃናው ሲነሣ ሐሳብ ይጎርፋል፣ ወሬ ይጣፍጣል፤ ከሰዓታት በኋላ ስሜቱ ይወርዳል፣ ሰው ዝም ይላል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። ያኔ ምርቃናውን ለመስበር የሚጠጣው ጨብሲ ይመጣል። በጨብሲ የሚጠጣው መጠጥ ከተለመደው ይበዛል፤ ጫቱ ስካሩን ስለሚሸፍነው ሰውየው ሳይሰማው መጠኑን ያልፋል። ጠዋት ድካሙን ለማራገፍ እንደገና ጫት። በዚህ ዙር ውስጥ ያለ ሰው ድብርት ይሁን ጭንቀት ወይም ሌላ ሕመም ምርመራው አይጠራም፤ የቀኑን ሰዓት ሳይጠይቁ ስሜቱን መመዘን አይቻልም።

ጫት ማቆም እንደ አረቄ አይገድልም። የሚመጣው ሐራራ፣ ድካም፣ መነጫነጭ፣ ብዙ እንቅልፍና ዱካክ ነው። ዱካክን ብዙዎች እንደ ክፉ መንፈስ ይፈሩታል፤ ታፍኖ የቆየው የሕልም እንቅልፍ ሲመለስ ሰውነት ሳይነቃ አእምሮ ቀድሞ የሚነቃበት ሁኔታ ነው፤ በቀናት እየሳሳ ይሄዳል። ሰው ሊገድለኝ ነው፣ ስለኔ ነው የሚወራው የሚል ጥርጣሬ ከብዙ ጫትና ከእንቅልፍ እጦት በኋላ ከመጣ፣ ጫቱ ሲቆም አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ውስጥ ይጠፋል። ከወር ካለፈ በጫት ማመካኘት ይብቃ፤ ራሱን የቻለ ሕመም ሊሆን ስለሚችል በደብረ ብርሃን ሆስፒታል የሥነ አእምሮ ክፍል ይታይ።

ለድምፅና ለጥርጣሬ ሕመም መድኃኒት ጀምረው ጫት ያልተዉ ሰዎች ጋ የሚሆነውን ማወቅ ደግሞ ለሐኪምም ለቤተሰብም ይጠቅማል። አንዳንዱ መድኃኒቱን የሚዘለው ምርቃናውን ስለሚያጠፋበት ነው፤ መድኃኒቱ የሚዘጋውን በር ጫቱ ሊከፍት ስለሚሞክር። ሌላው ጫት የሚቅመው መድኃኒቱ ያመጣበትን ድብታ ለማባረር ነው። ይህኛው በቁጣ አይፈታም፤ መድኃኒቱ ወደ ማታ ሊዛወር፣ መጠኑ ሊቀነስ፣ መድኃኒቱ ያመጣው የጡንቻ መገተር ካለ ለዚያ የሚሰጠው ትራይሄክሲፌኒዲል ሊጨመር ይችላል። በየቀኑ መዋጥ ለሚያቅተው በየወሩ የሚወጋ ፍሉፌናዚን አለ። ከጫት ጋር አብሮ ሊነገር የሚገባ ሌላም አለ፤ በቅጠሉ ውስጥ ያለው ታኒን አምፒሲሊንና አሞክሲሲሊን የተባሉት አንቲባዮቲኮች ከሆድ የሚሰርጉበትን መጠን ሊቀንስ ይችላል፤ ክኒኑ ቅሞ ከጨረሰ ከሁለት ሰዓት በኋላ ይዋጥ።

"ዛሬ ስለጠጣሁ መድኃኒቱን አልወስድም" የሚለው ከሁሉ የሚከፋው ልማድ ነው። በዓል ሲመጣ፣ ማኅበር ሲኖር፣ ገበያ ቀን ክኒኑ ይዘለላል፤ በወር ስምንት አሥር ቀን ይሆናል፤ ሕመሙ ያገረሻል። ለድምፅና ለጥርጣሬ ሕመም፣ እንዲሁም ለድብርት የሚሰጡት አብዛኞቹ መድኃኒቶች፣ ሰው ሁለት መለኪያ ቀምሷል ተብሎ መዘለል የለባቸውም። ስካር ላይ የማይጨመሩት ዲያዜፓምና አሚትሪፕቲሊን ናቸው። ለሚጥል ሕመም ፌኖባርቢታል የሚወስድ ሰው ክኒኑን ከዘለለ ይወድቃል፣ ከአረቄ ጋር ካደረገው ትንፋሹ ይጎዳል፤ ለእሱ አንድ መለኪያም አይፈቀድ።

እንዴት ይጀመራል ለሚል ቤተሰብ፤ ሰክሮ ሳለ አይደለም፣ በእንግዳ ፊትም አይደለም። ጠዋት፣ በታናሹ ወይም በሚያከብረው ሰው አፍ፣ ያየውን ብቻ በመናገር። "ጋሼ፣ ጠዋት ጠዋት እጅዎ ሲንቀጠቀጥ አያለሁ፤ እንቅልፍም እንደሌለዎት አውቃለሁ። ስለ እንቅልፉ ጤና ጣቢያ አብረን ብንሄድ ምን ይመስልዎታል?" ስለ መጠጡ ሳይሆን ስለ እንቅልፉ መጀመሩ ማታለል አይደለም፤ ሰውየው የሚያስቸግረኝ የሚለው እንቅልፉን ነው። አረቄ የምታወጣዋን ሴት መሳደብም ቦታው እዚህ አይደለም፤ ልጆቿን የምታሳድገው በዚያ ነው፣ ብዙ ጊዜ ራሷም ስትቀምስ ሱሰኛ ሆናለች፣ ለእሷ ደግሞ "ሴት ሆና" የሚለው ሐሜት ስለሚከተላት ተደብቃ ትታመማለች። ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል እንዳይሸጥ፣ በሬዲዮና በቴሌቪዥንም እንዳይተዋወቅ የሚከለክለው አዋጅ 1112/2011 ሰሌዳ የሌለው አረቄ ቤት ውስጥ ገብቶ አይሠራም፤ እዚያ ሊሠራ የሚችለው ዕድሩና ማኅበሩ ነው።

የመመለሻው ወቅት ደግሞ ይታወቃል፤ ከጾም በኋላ ያለው በዓል። ሁዳዴን 55 ቀን ሳይቀምስ የቆየ ሰው በፋሲካ ቀን የቀድሞውን መጠን ቢጠጣ አካሉ መቻሉን ረስቷል፤ ቶሎ ይሰክራል፣ ይወድቃል፣ ራሱን ይስታል። የሚጋብዘው ሰው "በሞቴ፣ አንድ ብቻ" ይላል፤ እምቢ ማለት ቤቱን መናቅ ይመስላል። እስካሁን ከሰማኋቸው መልሶች የሚሠራው "መድኃኒት ይዣለሁ" የሚለው ነው፤ በእኛ አገር መድኃኒት የያዘን ሰው የሚያስገድድ የለም፤ እውነትም ነው። ባለጉዳዩ ራሱ አስቀድሞ ለአስተናጋጇ ነግሮ ብርዝ ወይም የተልባ ውሃ ካስቀዳ ብርጭቆው ባዶ አይታይም። መሸት ሳይል፣ የመጀመሪያው ዘፈን ሳይነሣ መውጣት ነው። ይህ ሁሉ ሆኖ አንድ ቀን ከቀመሰ፣ ግዝቱ ፈርሷል ብሎ ሳምንቱን ሙሉ መጠጣት አይገባም፤ በማግስቱ ክኒኑን እንደወትሮው ይዋጥ፣ በየቀኑ መጠጣት ከተመለሰ ግን በራሱ ድንገት አያቁም፤ የቀጠሮው ቀን ባይደርስም ካርዱን ይዞ፣ አንድ የቤተሰብ ሰው አስከትሎ ወደ ጤና ጣቢያው ይሂድ።